ከአባት የቀረ የሞተር መጋዝ፦ ማሠራት ወይስ አዲስ መግዛት? ደረጃ በደረጃ የመመርመሪያ መመሪያ

«ከአባታችን የቀረ የሞተር መጋዝ አለን፤ ዘንድሮ አልነሳ አለ፤ ላሠራው ወይስ አዲስ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ፣ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ባሕር ዛፍ የሚቆረጥበት ጊዜ ሲቃረብ፣ ደጋግሞ ስለሚቀርብልኝ አሠራሩን በአንድ ቦታ ጽፌ ማስቀመጥ መርጫለሁ። መልሱን የሚወስነው የመጋዙ ዕድሜ አይደለም። ሰንሰለት፣ መሪ ብረት (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት)፣ ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ሰጪ)፣ ፊልትሮ (ማጣሪያ) እና የነዳጅ ቱቦ አዲስ መጋዝ የገዛ ሰውም በየጊዜው የሚቀይራቸው ናቸው፤ ስለዚህ የእነርሱ ማለቅ መጋዙን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። ውሳኔው የሚያርፈው በሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ እነርሱም የደኅንነት ክፍሎቹ መሟላትና የሞተሩ የውስጥ ጤንነት ናቸው። ሁለቱንም መጋዙን ወደ ጥገና ቤት ሳይወስዱ፣ በግማሽ ቀን ሥራ ራስዎ ማወቅ ይችላሉ። ደረጃዎቹን የደረደርኳቸው ወጪ የማይጠይቀው ምርመራ እንዲቀድም አድርጌ ስለሆነ ቅደም ተከተላቸውን ባያፋልሱ ይመረጣል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የካንዴላ ቁልፍ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴና የአለን ቁልፎች
- የኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ የሚታመቅበት ግፊት) መለኪያ። የብዙ መጋዞች ካንዴላ ባለ 14 ሚሊ ሜትር ጥርስ ስለሆነ ከሞተር ሳይክል ጥገና ቤት ሊዋሱት ይችላሉ፤ ነገር ግን አየሩን የሚይዘው ቫልቭ ከካንዴላው ቀዳዳ በሚገባው ጫፍ ላይ ያለ መሆን አለበት። ቫልቩ ከረጅም ቱቦ ማዶ ከሆነ በእንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ላይ ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ያሳያል።
- አዲስ ካንዴላና የክፍተት መለኪያ
- አዲስ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ቢቻልም አዲስ የነዳጅ ቱቦ
- ንጹሕ ቤንዚን፣ ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ ዘይት፣ እንዲሁም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ባለ 20 ሚሊ ሊትር መርፌ። ዘይቱን በቡሽ ወይም በዓይን ግምት ከመለካት መርፌው እጅግ ይሻላል።
- ጠንካራ ብሩሽ፣ ጨርቅና የእጅ ባትሪ
- ለሰንሰለቱ ልክ የሆነ ክብ ሞረድ እና አንድ ጠፍጣፋ ሞረድ
- ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ የጆሮ መሸፈኛና ጠንካራ ጫማ

ማስጠንቀቂያ፦ ሰንሰለቱን ከመንካትዎ በፊት ሞተሩን ያጥፉ፤ የካንዴላውንም ገመድ ይንቀሉ። ነዳጅ የሚቀዱበት ቦታና ሞተሩን የሚያስነሱበት ቦታ ቢያንስ በ3 ሜትር ይራራቁ፤ በአካባቢው ከሰል፣ ምድጃ ወይም ሲጋራ አይኑር። ጭሱ ሽታው ቢጠፋም ስለሚገድል መጋዙን በዝግ ቤት ውስጥ አያስነሱ።

ደረጃ 1፦ የደኅንነት ክፍሎቹን ይፈትሹ

በመጀመሪያ የሰንሰለቱን ፍሬን ይመልከቱ። ከፊተኛው መያዣ ፊት ለፊት ያለውን የእጅ መከላከያ ወደ ፊት ሲገፉት ቀጭ ብሎ መያዝ አለበት፤ ከዚያ በኋላ በጓንት ሰንሰለቱን ቢስቡት መንቀሳቀስ የለበትም። ቀጥለው በመሪ ብረቱ ሥር ያለው፣ የተበጠሰ ሰንሰለት ወደ እጅ እንዳይመጣ የሚይዘው ትንሽ ቁራጭ መኖሩን ያረጋግጡ። በኋለኛው መያዣ ላይ ያለው መቆለፊያ ሳይጫን ነዳጅ መስጫው መሳብ የለበትም፤ ማጥፊያውም ሞተሩን ወዲያው የሚያጠፋ መሆን አለበት።

ይህ ምርመራ የቀደመበት ምክንያት አለው። የመሪ ብረቱ ጫፍ የላይኛው ማዕዘን እንጨት በነካ ቅጽበት መጋዙ ወደ ቆራጩ ፊት ይወረወራል፤ ፍጥነቱም ሰው አስቦ እጁን ከሚያነሳበት ጊዜ ይቀድማል። የጠፋ ወይም የተሰበረ ፍሬን ከተገኘለት ይቀየር። ከፋብሪካው ያለ ፍሬን የተሠራና ሊገጠምለት የማይችል መጋዝ ከሆነ ግን፣ ሞተሩ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ ዛፍ ለመጣልም ሆነ ቅርንጫፍ ለመመልመል እንዳይጠቀሙበት እመክራለሁ፤ የቀሩትንም ደረጃዎች መቀጠል አያስፈልግዎትም።

ደረጃ 2፦ ያጽዱ

የሰንሰለቱን ሽፋን፣ የማስነሻውን ሽፋንና የአየር ፊልትሮውን ፈትተው በዘይት የተቦካውን የእንጨት ብናኝ በብሩሽ ያውጡ። በሲሊንደሩ ዙሪያ ያሉት ስስ ክንፎች በመካከላቸው ብርሃን እስኪታይ ድረስ ይጽዱ፤ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በእነርሱ መካከል በሚያልፈው አየር ብቻ ነውና። የአየር ፊልትሮው ከተቀደደ ወይም ጠርዙ በደንብ ካልገጠመ አይጠቀሙበት፤ በዚያ በኩል የሚገባ አቧራ ሲሊንደሩን በአጭር ጊዜ ይበላዋል።

ደረጃ 3፦ የቆየውን ነዳጅ ያስወግዱ

ለወራት የተቀመጠ ቤንዚን በቀላሉ የሚተነው ክፍሉ ይጠፋና የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይቀራል። ታንከሩን ሙሉ በሙሉ ያፍስሱ፤ ጫፉ በታጠፈ ሽቦ ከታንከሩ ውስጥ የነዳጅ ፊልትሮውን ስበው ያውጡና በአዲስ ይተኩት። ቱቦውን በጣትዎ አጠፍ አድርገው ይመልከቱ፤ ከተሰነጠቀ፣ ከጠነከረ ወይም ከላላ ይቀየር። ከተሰነጠቀ ቱቦ ሞተሩ ነዳጅ ሳይሆን አየር ይስባል፤ ከነዳጁ ጋር የሚመጣው ዘይትም ስለሚያንስ ፒስተኑ ይደርቃል። መጋዙ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ የሚጠፋ፣ የታንከሩ ክዳን ሲከፈት ደግሞ አየር ስቦ የሚያፏጭ ከሆነ፣ የተደፈነው የታንከሩ መተንፈሻ ነው፤ እርሱን ማጽዳት ብቻ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ካንዴላውንና ብልጭታውን ይዩ

ካንዴላውን ፈትተው ቀለሙን ይመልከቱ። ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ጤናማ ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ነዳጅ ወይም ዘይት በዝቷል፤ ነጣ ያለና የደረቀ ከሆነ ነዳጅ አንሷል፤ አደገኛው ይህኛው ነው። በአዲሱ ካንዴላ ላይ ክፍተቱን ወደ 0.5 ሚሊ ሜትር ያስተካክሉ። ካንዴላውን በገመዱ ላይ ሰክተው የብረት አካሉን ከሲሊንደሩ ብረት ጋር ያስነኩና የማስነሻውን ገመድ ይሳቡ፤ ሰማያዊ ብልጭታ መታየት አለበት። ይህን ሲያደርጉ ካንዴላውን ከቀዳዳው ያርቁት፤ ከቀዳዳው የሚረጨው የቤንዚን ጉም በብልጭታው ሊቀጣጠል ይችላል።

ብልጭታ ከሌለ ቦቢናው (ብልጭታውን የሚያመነጨው መጠምጠሚያ) ተቃጥሏል ብለው አይቸኩሉ። አስቀድመው የማጥፊያውን ሽቦ ከቦቢናው ነቅለው ይሞክሩ፤ ብልጭታው ከተመለሰ ጉዳቱ ማጥፊያው ላይ ነው። ካልተመለሰ በቦቢናውና በቮላኖው (ከማስነሻው ሽፋን ሥር ያለው፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ ለአብዛኞቹ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ መለኪያ ከሌለዎት አንድ የስም ካርድ በመካከሉ አስገብተው ቦቢናውን ማሰር ይችላሉ። በጣም የቆዩ መጋዞች በቮላኖው ሥር ፑንቲና (ብልጭታውን የሚቆጣጠር መገናኛ) አላቸው፤ ዝገት ይዞት ከሆነ በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል።

ደረጃ 5፦ ማርሚታውን ፈትተው ፒስተኑን ይመልከቱ

ውሳኔው በአብዛኛው የሚለየው በዚህና በሚቀጥለው ደረጃ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ ማርሚታውን (የጭስ መውጫ ሳጥኑን) ይፍቱና በጭስ መውጫው ቀዳዳ በባትሪ እያበሩ፣ ገመዱን ቀስ ብለው እየሳቡ ፒስተኑን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። በፒስተኑ ጎን ላይ ፋብሪካው የተወው አግድም ስስ መስመር አሁንም የሚታይ ከሆነ ሞተሩ ብዙ ዕድሜ ይቀረዋል። ከላይ ወደ ታች የወረደ ጭረት ከታየ ግን ያ ሞተር ነዳጅ ወይም ዘይት አንሶት ግሎ ያውቃል፤ ጭረቱ በጭስ መውጫው በኩል የሚጀምረው ያ ጎን ከሁሉ ይልቅ ስለሚሞቅ ነው። ጭረቱ ጥፍርን የማይዝ፣ ጥቂትና ስስ ከሆነ መጋዙ ሊሠራ ይችላል። ጥፍርን የሚይዝ ከሆነ ቢያንስ ፒስተንና የፒስተን ቀለበት መቀየር አለባቸው።

የሲሊንደሩ ግድግዳ ሁኔታ ከዚህም ይከብዳል። የአብዛኞቹ መጋዞች ሲሊንደር ከአሉሚኒየም ተሠርቶ በስስ ጠንካራ ብረት የተለበጠ ስለሆነ፣ እንደ መኪና ሞተር ሬቲፊካ ቤት ወስደው የሚያስፋፉት አይደለም። ከፒስተኑ ቀልጦ የተለጠፈ አሉሚኒየም ብቻ ከሆነ ባለሙያ ያነሳዋል፤ ልባጡ ከተላጠ ግን አዲስ ቀለበት ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የተላጠው ግድግዳ አዲሱንም ቀለበት ይበላዋል። በዚህ ጊዜ ሲሊንደሩና ፒስተኑ አብረው መቀየር ይኖርባቸዋል።

ደረጃ 6፦ ኮምፕሬሽኑን ከቦታው ከፍታ ጋር አገናዝበው ይለኩ

መለኪያውን በካንዴላው ቦታ ይግጠሙ፤ ማጥፊያውን ይዝጉ፤ አየር መዝጊያውን ይክፈቱ፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ጨምቀው ይያዙ። ቀስቱ መጨመሩን እስኪያቆም ድረስ ገመዱን በኃይል ይሳቡ። ትልልቅ መጋዞች ለማስነሳት እንዲቀል ግፊት የሚያስተነፍስ ቁልፍ አላቸው፤ ያ ቁልፍ ተጭኖ ከቀረ ጤነኛው ሞተር የሞተ ይመስላል።

አሁን ብዙ ደኅና መጋዝ ያለ ጥፋቱ ወደሚጣልበት ነጥብ ደርሰናል። በመመሪያ መጻሕፍትና በውጭ አገር ጥገና ባለሙያዎች ዘንድ የሚጠቀሱት ቁጥሮች፣ ማለትም 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ጥሩ፣ 120 ዝቅተኛው የሚባሉት፣ ለባሕር ጠለል አካባቢ የሚሠሩ ናቸው። ሲሊንደሩ የሚያምቀው ከአካባቢው የሳበውን አየር ነው፤ በአዲስ አበባ፣ ማለትም ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ጠለል 150 የሚያሳየው ያው ሞተር አዲስ አበባ ላይ 110 ገደማ፣ ወደ 2,800 ሜትር ከፍ በሚለው ደብረ ብርሃን ደግሞ 105 ገደማ ቢያሳይ ምንም አልጎደለውም። በባሕር ጠለል 120 የሚያሳየውም አዲስ አበባ ላይ ወደ 90 ይወርዳል። በደጋ ከ100 በላይ ያገኘ ሰው ሞተሩን አይንካው፤ በ90 እና በ100 መካከል ያገኘ ለማገዶና ለአጥር ሥራ ይጠቀምበት፤ ከ85 በታች ያገኘ የደረጃ 5ን ውጤት ይዞ በደረጃ 10 ወዳለው ሒሳብ ይሂድ። እንደ ጋምቤላ ባለ፣ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቆላ፣ የመጽሐፉ ቁጥር ከጥቂት ቅናሽ ጋር ይሠራል።

መለኪያ ካላገኙ መጋዙን በማስነሻው እጀታ አንጠልጥለው ይያዙት። ጤነኛ ሞተር ክብደቱን እየያዘ፣ ደረጃ በደረጃ እየተንገጫገጨ ይወርዳል፤ ሳይቆም በአንድ ጊዜ ከወረደ ግፊት የለውም። ይህ ግምት እንጂ ልኬት አለመሆኑን ግን አይርሱ።

በመጨረሻም ቮላኖውን በእጅዎ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት። የሚሰማ መላወስ ካለ የክራንኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት መሸከሚያ) አልቋል፤ ይህ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ማውረድ ስለሚጠይቅ ከሁሉም ጥገና ውዱ ነው።

ደረጃ 7፦ የካርቡሬተሩን ዲያፍራም ይቀይሩ

ደረጃ 5ንና 6ን ያለፈ፣ ብልጭታም ያለው መጋዝ ካልነሳ ጥፋቱ በአብዛኛው እዚህ ነው። በካርቡሬተሩ (ነዳጅንና አየርን የሚቀላቅለው ክፍል) ውስጥ ያለው ዲያፍራም (ስስ ተጣጣፊ ሽፋን) በሞተሩ ግፊት እየረገበ ነዳጅ የሚያስገባ ነው፤ በዕድሜ ሲደርቅ መርገቡን ያቆማል። የመለዋወጫ ኪቱን ለመግዛት የመጋዙ ሞዴል ብቻ አይበቃም፤ በካርቡሬተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን ስም፣ ለምሳሌ ዋልብሮ፣ ቲሎትሰን ወይም ዛማ፣ ከነቁጥሩ ይጻፉ፤ የሚቻል ከሆነም አሮጌውን ዲያፍራም ይዘው ወደ መርካቶ ይሂዱ። ሲፈቱት እያንዳንዱን ንብርብር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ጎርኒሲዮኑ (በክፍሎቹ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) እና ዲያፍራሙ ቦታ ከተለዋወጡ ካርቡሬተሩ አይሠራም። ቀዳዳዎቹን በሽቦ አይጎርጉሩ፤ ልካቸው ከሰፋ የሚመለስበት መንገድ የለም።

ደረጃ 8፦ ነዳጅ ቀላቅለው ያስነሱና ያስተካክሉ

የመጋዙ መመሪያ 50 ለ1 የሚል ከሆነ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 25 ለ1 የሚል ከሆነ 40 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። የመኪና ሞተር ዘይት አይተካውም፤ ከቤንዚኑ ጋር እንዲቃጠል ስላልተሠራ አመድና ጥላሸት ያስቀራል።

ማስተካከያዎቹ ሦስት ናቸው፤ ኤል የተጻፈበት ለዝቅተኛ ፍጥነት፣ ኤች የተጻፈበት ለከፍተኛ ፍጥነት ነዳጅ ይመጥናሉ፤ ሦስተኛው ሚኒሞውን (ነዳጅ መስጫው ሳይጫን ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት) ይወስናል። ኤልንና ኤችን ቀስ ብለው እስኪነኩ ድረስ ይዝጉና እያንዳንዳቸውን አንድ ዙር ይክፈቱ፤ ከዚህ ይነሱና ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ያስተካክሉ። በሚኒሞ ላይ ሰንሰለቱ መዞር የለበትም። ነዳጅ ሙሉ ሰጥተው እንጨት ሳይነካ ሲሠራ ድምፁ ትንሽ የሚንተባተብ፣ እንጨት ውስጥ ሲገባ ደግሞ የሚጠራ መሆን አለበት። ያለ ሥራ ጠርቶ የሚጮኽ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፤ ወዲያው ኤችን በግራ በኩል አንድ ስምንተኛ ዙር ይክፈቱ።

የአገራችን ደጋና ቆላ መቀራረብ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበት ያጨሳል፤ ቆራጩም ኤችን ወደ ቀኝ ዘግቶ ያስተካክለዋል፤ ይህ ትክክል ነው። ያንኑ መጋዝ ሳይነካ ወደ ቆላ ወስዶ ሲሠራበት ግን አየሩ ይጨምርና ነዳጁ ያንሳል፤ ፒስተኑም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ይነክሳል። ወደ ቆላ ከመውረድዎ በፊት ኤችን ይክፈቱ።

ሞተሩ ነዳጅ መስጫው ተለቅቆም ፍጥነቱ ቶሎ የማይወርድ ወይም በራሱ የሚጨምር ከሆነ ካርቡሬተሩን መነካካት ይተዉ። አየር በሌላ ቦታ፣ ብዙ ጊዜም በክራንኩ የዘይት ማገጃ ጎማ በኩል፣ እየገባ ነው፤ ይህ ሳይጠገን መሥራት ፒስተኑን ይጨርሳል።

ደረጃ 9፦ ሰንሰለቱን ይሞርዱ

«አቅም አጣ» ከሚባሉት መጋዞች ብዙዎቹ ሰንሰለታቸው የደነዘ ነው። የሚወጣው ብናኝ ዱቄት ከሆነ ደንዟል፤ ፍርፋሪ ከሆነ ተስሏል። እንደ ሰንሰለቱ ዓይነት 4.8፣ 5.2 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ይጠቀሙ፤ እንጨት አግድም ለመቁረጥ በ30 ዲግሪ፣ ጣውላ ለመሰንጠቅ በ10 ዲግሪ ገደማ ይሞርዱ። ከጥርሱ ፊት ያለው ጉብታ ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ ከዚያ በላይ ዝቅ ካለ መጋዙ ይነጥቃል። ለሰንሰለቱ የተቃጠለ ዘይት አይጨምሩ፤ በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ የዘይት ፖምፓውን ይበላል፤ ሲረጭም ቆዳዎን ይጎዳል።

ደረጃ 10፦ ሒሳቡን ይሥሩ

ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ያስምሩ። በአንደኛው ሰንሰለት፣ መሪ ብረት፣ ፒኞን (ሰንሰለቱን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ሽክርክሪት)፣ ካንዴላና ፊልትሮ ይግቡ፤ እነዚህን ለአዲሱም ስለሚገዙ ከንጽጽሩ ያውጧቸው። በሁለተኛው ፒስተን፣ ሲሊንደር፣ ኩሽኔታ፣ ቦቢና፣ ካርቡሬተርና የእጅ ዋጋ ይግቡ። የሁለተኛው ዓምድ ድምር ተመሳሳይ ጉልበት ካለው አዲስ መጋዝ ዋጋ ከግማሽ በታች ከሆነና ዕቃው በእርግጥ የሚገኝ ከሆነ ያሠሩት። ዕቃው መኖሩን በስልክ ሳይሆን በዓይን አይተው ያረጋግጡ። በዓመት ጥቂት ቀን ለቤት የሚቆርጥ ሰው ግማሹን ጥቂት ቢያልፍም ማሠራት ሊያዋጣው ይችላል። በኪራይ እየዞረ ለሚቆርጥ ግን አንድ ቀን መቆም ራሱ ኪሳራ ስለሆነ አዲሱን ገዝቶ አሮጌውን በመጠባበቂያነት ቢይዝ ይሻለዋል።

አዲስ የሚገዙ ከሆነ

ሻጩ ሰንሰለት፣ ዲያፍራምና ፒስተን ለዚያ ሞዴል እንዳለው ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። ከታወቁ መጋዞች ጋር በመልክ የሚመሳሰሉ ርካሽ ቅጂዎች በብዛት ስለሚሸጡ ቁጥሩንና ማኅተሙን ይመርምሩ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሊልክልዎት ካሰበ ሁለት ነገር ይንገሩት። ነዳጅ ነክቶት የሚያውቅ መጋዝ በአውሮፕላን ሻንጣ አይጫንም። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚሸጡ ብዙ መጋዞች ደግሞ ኤልና ኤች ከተወሰነ ልክ በላይ እንዳይዞሩ ገደብ ተደርጎባቸዋል፤ ስለዚህ ለደጋ ማስተካከል ያስቸግራል። ሞተሩ ሲሠራ ራሱን ከከፍታው ጋር የሚያስተካክል ካርቡሬተር ያለው ሞዴል ይህ ችግር የለበትም፤ ነገር ግን ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ በአካባቢዎ መኖሩን ያጣሩ። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 ከመቶ ገደማ ስለሚያጣ፣ ለደጋ ሥራ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ጉልበት መምረጥ ተገቢ ነው።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

ካርቡሬተሩን ሳያጸዱና ፊልትሮውን ሳይቀይሩ በካቻቢቴ መነካካት ቀዳሚው ነው፤ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ ያመጣውን ጭስ ኤችን በመዝጋት «የሚያጠፋ» ሰው ፊልትሮው የተቀየረ ዕለት ሞተሩን ያቃጥላል። ሁለተኛው ዘይት ሲበዛ ይሻላል ብሎ መጨመር ነው፤ ዘይቱ የቤንዚኑን ቦታ ስለሚይዝ የሚቃጠለው ነዳጅ ያንሳል፤ የጭስ መውጫውም በጥላሸት ይጠባል። ሦስተኛው ሰንሰለት ሲቀየር ፒኞኑን ሳያዩ መተው ነው፤ 0.5 ሚሊ ሜትር ያህል የተቦረቦረ ፒኞን አዲሱን ሰንሰለት በቶሎ ያስረዝመዋል። መሪ ብረቱንም ሰንሰለት በቀየሩ ቁጥር ገልብጠው ይግጠሙት።

ለክረምት ሲያስቀምጡ

አሮጌውም ይሁን አዲሱ፣ ከአንድ ወር በላይ የማይሠራበት ከሆነ ታንከሩን ያፍስሱ፤ ከዚያም በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ እስኪያልቅ ድረስ ሞተሩን በሚኒሞ አሠርተው በራሱ ይጥፋ። ካንዴላውን ፈትተው አንድ የሻይ ማንኪያ የባለ ሁለት ምት ዘይት በቀዳዳው ያንጠባጥቡ፤ ገመዱን ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ ይሳቡና ካንዴላውን ይመልሱ። ሰንሰለቱን ዘይት ቀብተው፣ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ፣ ልጆች በማይደርሱበት ያስቀምጡት።